«ማብራሪያ» ወይስ «ምልክት»? «አኖቴሽን» ለተባለው ሙያዊ ቃል ስለሚሰጠው የአማርኛ ስያሜ የቀረበ ሒስ

1. የሒሱ መነሻ

አንድ የውጭ አገር ሙያዊ ቃል በአማርኛ ሲሰየም አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ቃሉ በመዝገበ ቃላት ምን ተብሎ ተፈትቷል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በጠቅላላ መዝገበ ቃላት የተሰጠው ፍች ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በሙያው ውስጥ ሲገባ ተጠቃሚውን ወደ ስሕተት የሚመራበት ጊዜ አለና። በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሙያ «አኖቴሽን» የተባለውን ቃል «ማብራሪያ» ወይም «ማስታወሻ» እያሉ መተርጐም ከዚሁ ዓይነት ስሕተት የሚመደብ ነው ብለን እናምናለን። እኛም ራሳችን በትርጉም ሥራችን ይህንኑ ስንጽፍ ቆይተናል፤ ስለዚህ ሒሱ በቅድሚያ የሚያርፈው በራሳችን ላይ ነው።

ነገሩ የቃላት ምርጫ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ጉዳቱን በምሳሌ እናሳይ። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጻሕፍት የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ ግን ጭብጡን ለተማሪው የሚያስረዳው በአብዛኛው ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ነው። እንግዲህ በቢቸና ወይም በሞጣ ከኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ይህ ማብራሪያ ነው» ሲባል ቢሰማ ምን ይረዳል? ማብራሪያ ላልገባው ሰው የሚሰጥ ተጨማሪ ቃል ነው፤ ለገባው ሰው ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። በዚህ መሠረት ተማሪው ጽሑፉን ለማሳጠር ሲል «ማብራሪያውን» ቢሰርዝ አድራጎቱ ከተነገረው ፍች ጋር ፍጹም የተስማማ ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን እምቢ ይላል፤ ወይም ከዚህ የከፋው ይመጣና፣ ምንም ስሕተት ሳይታይበት ከታሰበው ሌላ ሥራ ይሠራል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ የስያሜው ነው።

ቢቸናንና ሞጣን የጠራነው ለተማሪው ምሳሌ ብቻ አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በሚያቋርጠው አገር ያሉት የጥንት አድባራት መጻሕፍት፣ ለያዝነው ችግር መፍትሔ የሚሆን የስያሜ ሥርዓት ከብዙ ዘመን በፊት አዘጋጅተው ያቆዩልን ስለሆነ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን አስቀድሞ ግን የሚሰየመው ነገር ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል።

2. የሚሰየመው ነገር

ፕሮግራም ጸሓፊው የሚጽፈው ጽሑፍ የምንጭ ኮድ ይባላል። ማሽኑ ይህን ጽሑፍ በቀጥታ አይረዳውም። ስለዚህ ኮምፓይለር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል፣ ሰዋስዉን ይመረምራል፣ ከዚያም ማሽን ሊፈጽመው ወደሚችለው ቅርጽ ይለውጠዋል። አንዳንዶች ኮምፓይለርን «አጠናቃሪ» ይሉታል። ማጠናቀር ግን የተበተነውን ሰብስቦ አንድ ማድረግ ነው፤ የኮምፓይለር ዋና ሥራ ደግሞ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መተርጐም ነው። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሒስ የሚገባው በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተውሶውን ቃል «ኮምፓይለር»ን ይዘን እንቀጥላለን።

በምንጭ ኮድ ውስጥ ከዋናው ጽሑፍ ሌላ ሁለት ዓይነት ተጨማሪ ጽሕፈት ይገኛል። የመጀመሪያው «ኮሜንት» የሚባለው ነው። ይህ ከጸሓፊው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ ቃል ሲሆን ኮምፓይለሩ ሲደርስበት ዘልሎት ያልፋል። ሁለተኛው አኖቴሽን ነው። ይህ ከአንድ የኮድ ክፍል በላይ ወይም አጠገብ ተጽፎ ስለዚያ ክፍል አንድ ነገር የሚናገር ቃል ነው። ሰውም ሊያነበው ይችላል፤ በዋናነት የተጻፈው ግን ጽሑፉን ለሚተረጕመው ወይም ለሚፈጽመው መሣሪያ ነው።

የሁለቱ ልዩነት በሙያው ውስጥም ቢሆን በአንድ ቀን አልጠራም። በጃቫ ቋንቋ ታሪክ ይህ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የጃቫ እትም አንድ ተግባር ያረጀና ከእንግዲህ የማይመከር መሆኑን ለማመልከት «ዴፕሪኬትድ» የሚል ቃል በኮሜንት ውስጥ ይጻፍ ነበር። ኮምፓይለሩ ሌላውን ኮሜንት ሁሉ እየዘለለ ይህችን አንዲት ቃል ግን እየለየ ያነብና ያረጀውን ተግባር ለሚጠቀም ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር። ይኸውም ለሰው በተዘጋጀ ቦታ ለመሣሪያ የተላከ መልእክት ተደብቆ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫ አኖቴሽንን ራሱን የቻለ የሰዋስው ክፍል አድርጎ ሲያወጣ ያ ቃል ከኮሜንቱ ወጥቶ በራሱ ስፍራ ቆመ። የሙያው ሰዎች አስበው የለዩትን ነገር እኛ «ማብራሪያ» ብለን መልሰን ብንቀላቅለው፣ የተሻረውን መደናገር በአማርኛ እንደገና መፍጠር ይሆንብናል።

3. በዲማና በሞጣ መጻሕፍት የሚገኝ ሦስት ዓይነት ተጨማሪ ጽሕፈት

ወደ አገራችን መጻሕፍት እንመለስ። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በመጻሕፍት ትርጓሜና በቅኔ ትምህርት የታወቀ ደብር ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ነበር። እንዲህ ባሉ አድባራት መጻሕፍትና የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ከዋናው ንባብ ሌላ ሦስት ዓይነት ተጨማሪ ቃል ይገኛል። ሦስቱም ስለ ንባቡ ወይም ከንባቡ ጋር የተቀመጡ ናቸው፤ ሊቃውንቱ ግን በአንድ ስም አልጠሯቸውም።

የመጀመሪያው አንድምታ ነው። መምህሩ ንባቡን ከተረጐመ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይጨምራል። አንድምታው ቢበዛም ቢያንስም የንባቡ ቃል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሰሚው መረዳት ነው። ይህ በእርግጥ ማብራሪያ ነው። በምንጭ ኮድ ዘንድ አቻው ኮሜንት ይሆናል።

ሁለተኛው በኅዳግና በባዶ ቅጠል ላይ የሚሰፍረው ጽሕፈት ነው። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ዲማ ጊዮርጊስና እንደ ሞጣ ጊዮርጊስ ባሉ ታላላቅ አድባራት የርስትና የጉልት ጉዳይ በብራና መጻሕፍት ላይ ይመዘገብ ነበር። ሀብታሙ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት የምሥራቅ ጎጃም ገጠር የንብረት ግንኙነት ጥናት እንደሚታየው፣ የአድባራት የመሬት ሰነዶች ለታሪክ ጸሓፊዎች ዋና ምንጭ ሆነዋል። በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ የመሬት ስጦታ የወንጌሉን ቃል አይነካም፤ ቀዳሹም ሲያነብ ያልፈዋል። ነገር ግን ክርክር በተነሣ ጊዜ መጽሐፉ ተገልጦ ያ ጽሕፈት ይነበባል፣ ፍርድም ይሰጥበታል። እንግዲህ አንባቢው ሌላ፣ የሚነበብበትም ጊዜ ሌላ ነው።

ሦስተኛው የዜማ ምልክት ነው። በድጓ መጽሐፍ ከንባቡ በላይ ደቀቅ ብለው የተጻፉ ፊደላትና እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ያሉ ምልክቶች ይታያሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ሥርዓት ያወጡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ምልክቱ ለምእመናን የተጻፈ አይደለም፤ የቃሉንም ምሥጢር አያብራራም። የተጻፈው ለሚያዜመው ሰው ሲሆን፣ የሚነግረውም ይህ ቃል እንዴት ሆኖ ወደ ድምፅ መለወጥ እንዳለበት ነው። አንዲት የምልክት ፊደል ከታወቀ ዜማ ተቆርጣ የተወሰደች ስለሆነች፣ ዐዋቂው ሲያያት ያን ሙሉ የዜማ ሐረግ ከልቡ አውጥቶ በቦታው ይተካል። ምልክቱ ቢፋቅ ንባቡ አንድም ፊደል አይጎድልበትም፤ ዜማው ግን ይጠፋል።

ከዚህ እንደምንረዳው ሊቃውንቱ ተጨማሪውን ቃል የለዩት በመልኩ ወይም በቦታው ብቻ አልነበረም። ሁለት ጥያቄዎችን የጠየቁ ይመስላል፤ የሚያነበው ማን ነው? ቢሰረዝስ የሚለወጠው ምንድን ነው? እኛም «አኖቴሽን»ን በእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች እንፈትነው።

4. ፈተናው

አኖቴሽን በኮምፓይለሩ ሥራ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ አንድ ዓይነት አይደለም። ለስያሜው የሚጠቅሙንን አራት ዓይነቶች እንመልከት።

አንደኛው ማጣራትን የሚያስከትል ነው። በጃቫ «ኦቨራይድ» የተባለው አኖቴሽን «ይህ ተግባር ከወላጁ ክላስ የተወረሰውን ተግባር የሚተካ ነው» ብሎ ያስታውቃል። ኮምፓይለሩ ይህን ሲያነብ በወላጁ ዘንድ የሚተካ ተግባር መኖሩን ያጣራል፤ ካጣ ጽሑፉን አይቀበልም። ይህን የቅኔ ቤት ተማሪ በቀላሉ ይረዳዋል። ተማሪው «መወድስ ልቀኝ» ብሎ ካስታወቀ መምህሩ 8 ቤት ይጠብቅበታል፤ 7 ቤት ቢያመጣ ይመልሰዋል። ጉባኤ ቃና ነው ካለ ደግሞ 2 ቤት ብቻ ይጠየቃል። የቅኔው ስም ከቅኔው ቃል ውስጥ አይደለም፤ ቅኔው የሚመዘንበትን ልክ ግን ይወስናል። «ኦቨራይድ» ትክክል ከሆነ ፕሮግራም ላይ ቢሰረዝ የሚለወጥ ነገር የለም። የሚጠፋው ጥበቃው ነው፤ ነገ የተግባሩ ስም በአንዲት ፊደል ቢሳሳት ስሕተቱን የሚናገር አይኖርም።

ሁለተኛው የሚተረጐመውን ነገር የሚለውጥ ነው። በሲ ሻርፕ ቋንቋ ይኸው ዓይነት ጽሕፈት «አትሪቢውት» ይባላል። ከእነዚህም መካከል «ኮንዲሽናል» የሚባለው በአንድ ተግባር ላይ ሲቀመጥ፣ የተጠቀሰው ሁኔታ ካልተሟላ ኮምፓይለሩ ያን ተግባር የሚጠሩትን ዐረፍተ ነገሮች ከነጭራሹ ይተዋቸዋል። ጽሑፉ በገጹ ላይ አለ፤ በተተረጐመው ፕሮግራም ውስጥ ግን የለም። ይህን «ማብራሪያ» ብሎ የሚጠራ ተርጓሚ ምን እንዳብራራ ቢጠየቅ መልስ የሚያገኝ አይመስለንም።

ሦስተኛው አዲስ ጽሑፍ የሚያስገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የጃቫ 6ኛ እትም ኮምፓይለሩ ሥራውን ሳይፈጽም አኖቴሽኖችን ለሌሎች አነስተኛ ፕሮግራሞች እንዲያሳይ የሚያስችል ሥርዓት ተደነገገ። እነዚህ ፕሮግራሞች አኖቴሽኑን አይተው አዲስ የምንጭ ኮድ ይጽፋሉ፤ ኮምፓይለሩም አዲሱን ተቀብሎ እንደገና ይመረምራል፤ አዲስ የሚጻፍ እስኪያልቅ ድረስ ዙሩ ይቀጥላል። በሥርዓቱ መሠረት አዲስ መጨመር እንጂ ነባሩን ጽሑፍ መለወጥ አልተፈቀደም። ይህ ከአንዲት የምልክት ፊደል ሙሉ የዜማ ሐረግ ከሚያወጣው ደብተራ ሥራ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው።

አራተኛው ለኋላ አንባቢ የሚቆይ ነው። ጃቫ አንድ አኖቴሽን እስከ መቼ እንደሚቆይ በሦስት ደረጃ ይወስናል። አንዳንዱ በምንጩ ብቻ ቆይቶ ኮምፓይለሩ ካነበበው በኋላ ይጣላል፤ «ኦቨራይድ» ከዚህ ይመደባል። አንዳንዱ በተተረጐመው ፋይል ውስጥ ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን ላይገኝ ይችላል። ሦስተኛው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ አብሮ ይኖርና ሌላ ፕሮግራም ጠይቆ ያነበዋል። ይህ የመጨረሻው በወንጌል ኅዳግ እንደ ሰፈረው የመሬት ስጦታ ነው፤ በተጻፈ ጊዜ ንባቡን አልለወጠም፣ በተጠየቀ ጊዜ ግን ይመሰክራል።

ቋንቋ ተመራማሪዎች በሚያውቁት ምሳሌ ይህን ክፍል እንደምድም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። አንዳንድ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት ሥራዎች ግን ጥብቀቱን ከፊደሉ አናት በሚቀመጥ ነጥብ ያመለክታሉ። ያ ነጥብ አንባቢውን አያስረዳውም፤ እንዴት ማንበብ እንዳለበት ይወስንለታል እንጂ። የዩኒኮድ 4.1 እትም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ የጥብቀት ምልክትንና 10 የዜማ ምልክቶችን ከኢትዮጵያ ፊደል ጋር ማካተቱም ምልክቶቹ ከጽሑፉ ሥርዓት ውጭ የሆኑ ጌጦች አለመሆናቸውን ያሳያል።

5. የቀረቡት ስያሜዎችና የእኛ ሐሳብ

ከላይ በተደረገው ፈተና «ማብራሪያ» እና «ማስታወሻ» ይወድቃሉ። ሁለቱም አንባቢው ሰው መሆኑን የሚያስረዱ ናቸው። «ማስታወሻ»ን ለ«ኮሜንት» ማዋል ግን መልካም ነው፤ የትኛውን ቃል የት እንደምናስቀምጥ ካወቅን ቃሉን መጣል አያስፈልግም።

አንዳንድ ተርጓሚዎች በተቃራኒው «ትእዛዝ» ወይም «መመሪያ» ማለትን ይመርጣሉ። ይህ የመጀመሪያውን ስሕተት ሽሽት ወደ ሁለተኛው መግባት ነው። በፓይተን ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በተግባር ላይ አኖቴሽን መጻፍ ተፈቅዷል። አንድ ተግባር የሚቀበለው ቍጥር ነው ተብሎ ቢጻፍና ቃል ቢሰጠው ግን ፓይተን በዚያ ምክንያት ብቻ አይከለክልም፤ ጽሕፈቱን መርምሮ ስሕተቱን የሚናገረው ሌላ መሣሪያ ነው። ማንም የማይገደድበትን ነገር «ትእዛዝ» ማለት አይቻልም። «መመሪያ» ለሌላ ቃል ይቆይ፤ ኮምፓይለሩን ራሱን «እንዲህ አድርግ» ለሚለው «ዳይሬክቲቭ» ይስማማል።

«ዲበ ውሂብ» የተባለውም ስያሜ ሊታይ ይገባዋል። ይህ «ሜታዳታ» ለተባለው ሰፊ ቃል የቀረበ ነው። «ውሂብ» ወሀበ (ሰጠ) ከሚለው የግእዝ ግሥ ሲወጣ «ዲበ» ደግሞ «በላይ» ማለት ነው። አኖቴሽን የዲበ ውሂብ አንድ ወገን ስለሆነ ጠቅላላውን ስም ለተናጠሉ መስጠት አይገባም። ከዚህ ስያሜ ጋር ለማዛመድ «ዲበ ምልክት» እንበል የሚል ሐሳብ ቢነሣ ደግሞ የግእዙ አገባብ ይቃወማል፤ ቃሉ «በምልክት ላይ» ማለት እንጂ «በላይ ያለ ምልክት» ማለት አይሆንምና።

የእኛ ሐሳብ መነሻው ከድጓው «ምልክት» የሚለውን ቃል መውሰድ ነው። ምልክት ያሳያል እንጂ አያዝዝም፤ የሚያነበውም ሥርዓቱን የሚያውቅ ነው። ዐዋቂ ያየው እንደሆነ ሥራ ይሠራል፣ የማያውቀው ያልፈዋል። ሆኖም ቃሉ ብቻውን በጣም ሰፊ ስለሆነ ገላጭ ያስፈልገዋል። «የግርጌ ማስታወሻ» እንደምንል «የራስጌ ምልክት» ማለት በጣም ያማረ ነበር፤ ነገር ግን «ራስጌ» በኮምፒዩተር ጽሑፍ ከገጽ በላይ ለሚቀመጠው ርእስ ሲነገር እንሰማለን። ስለዚህ «የአናት ምልክት» የሚለውን እናቀርባለን። ከፊደል አናት የሚቀመጠውን የጥብቀት ነጥብም፣ ከንባብ አናት የሚጻፈውን የዜማ ምልክትም ያስታውሳል፤ በጃቫና በብዙ ቋንቋዎችም አኖቴሽን ከሚመለከተው ክፍል በላይ ወይም ፊት ይጻፋል።

6. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

በስያሜያችን ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው ቦታን ይመለከታል። በፓይተን የዓይነት አኖቴሽን ከስሙ ቀጥሎ እንጂ ከአናቱ አይጻፍም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ስያሜ የተሰየመውን ነገር ጠባይ ሁሉ መያዝ አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት ወደ ስሕተት አለመምራት ነው። ስለ ቦታው የሚሳሳት ተማሪ ገጹን ባየ ጊዜ ይታረማል፤ ስለ ጥቅሙ የሚሳሳት ግን የሚያርመው ላያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ድንበሩን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ለፎርትራን በወጣው የኦፕን ኤምፒ ደንብ ሥራን ለብዙ ፕሮሰሰሮች የማከፋፈሉ መመሪያ በኮሜንት መልክ ይጻፋል። ደንቡን የማያውቅ ኮምፓይለር እንደ ማንኛውም ኮሜንት ያልፈዋል፤ የሚያውቀው ግን አንብቦ ይፈጽመዋል። ታዲያ ይህ ማስታወሻ ነው ወይስ መመሪያ? መልሱ በጽሕፈቱ መልክ ሳይሆን በአንባቢው ላይ የተመሠረተ ነው። ምልክት ያልተማረ ሰው ድጓ ቢገልጥ ከንባቡ በላይ የሚያየው ደቃቅ ፊደል ብቻ ነው። ይህ ምሳሌ ፈተናችንን አያፈርስም፤ «የሚያነበው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ያጸናል እንጂ።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን ካሳተመ ወዲህ ሙያው ብዙ ቃላት ጨምሯል፤ ከዚህ በላይ ያየነው አኖቴሽን ራሱ ወደ ጃቫ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሚመጡትን ቃላት በየግላችን ስንሰይም ከአንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ አንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከመሻገራችን በፊት፣ ነገሩ የሚሠራውን ሥራ በአገራችን ሌላ ሙያ የሚሠራ ነገር አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ ይበጃል። የድጓ መምህር ስለ ኮምፓይለር ሰምቶ ባያውቅም፣ ተማሪው የዜማውን ምልክት እንደ ትርፍ ነገር ቢፍቀው ምን እንደሚለው እናውቃለን። የኮምፒዩተር መምህሩም ለተማሪው ያንኑ መናገር የሚያስችለው ቃል ሊሰጠው ይገባል። «የአናት ምልክት» ይህን ይፈጽማል ወይስ አይፈጽምም የሚለውን በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች በየገጻቸው ፈትነው ይፍረዱ፤ የተሻለ ስያሜ ያገኘም ያቅርብ። «ማብራሪያ» የሚለው ግን ከዚህ ቦታ ይነሣ።